ግራው ብቻ ነው የያዘኝ

የሺወርቅን ሱሉልታ ውስጥ በስሟ ብትጠይቁ የሚያውቃት ላታገኙ ትችላላችሁ። «ጠርጥር» ብላችሁ ጠይቁ፤ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ከአስፋልቱ ዳር ካለችው ሰማያዊ የቆርቆሮ አጥር ፊት ያወርዳችኋል። ስሙን ያወጡላት ሯጮች ናቸው። ልብስ ሰፊ ናት፤ በየማለዳው ሜዳውን የሚያቋርጡት አትሌቶች ቱታቸው ሲተረተር፣ ዚፓቸው ሲላቀቅ ወደ እሷ ነው የሚመጡት። የተቀበለችውን ልብስ ሁሉ መጀመሪያ ገልብጣ፣ ስፌቱን ከላይ እስከ ታች በሦስት ጣቶቿ ቀስ እያለች ትዳብሳለች። የተረሳ ስፒል ወይ የተሰበረ መርፌ ይኖራል ብላ ነው። «ኧረ እትዬ የሺ፣ ምንም የለበትም!» ሲሏት መልሷ አንድ ነው፤ «ጠርጥር! ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር።»

ጥርጣሬዋ በልብስ ቢያበቃ ምናለበት! ወተት የምታመጣላትን ሴት «ስንት ብርጭቆ ውሃ ጨመርሽበት?» ሳትላት ተቀብላ አታውቅም። ቆጣሪ የሚያነበውን ሰውዬ መታወቂያ ታስወጣዋለች። በስልክ «እንኳን ደስ አለዎት» ያላት ሰው ካለ ስልኩን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ እስከ ማግስቱ አትከፍተውም። የንስሐ አባቷ እንኳ አንድ ቀን «ልጄ፣ እግዚአብሔርንስ ታምኚዋለሽ?» ብለው ቢጠይቋት፣ «እሱንስ አምነዋለሁ አባ፤ ስሙን እየጠሩ የሚመጡትን ነው እንጂ» ብላ አስቃቸዋለች።

ሰው ግን ከመሬት ተነስቶ ጠርጣሪ አይሆንም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት የሺወርቅና ባሏ ቡራዩ ሁለት ክፍል ቤት ነበራቸው። አንድ ጠዋት ሲነሱ ግድግዳቸው ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ባልየው ወጥቶ ጠይቆ መጣና «ለመብራት ምሰሶ ነው አሉ» አላት፤ አመነችው። በአሥራ አምስተኛው ቀን ግሬደር መጣ፤ መንገድ ሊሰፋ ኖሯል። ባሏ ያን ዓመት አልተሻገረም። ልቡ ነው አሉ፤ እሷ ግን ያ ቀይ ቀለም ነው ትላለች።

የአራት ወር ሕፃን አዝላ፣ አንድ የልብስ ስፌት መኪና በሰው ትከሻ አሸክማ ሱሉልታ ስትገባ በሯን የከፈተችላት ወርቅቱ ናት። ወርቅቱ የኦቦ ጎበና ሚስት፣ እዚያው ተወልዳ እዚያው ያረሰች ሴት ናት። ያን ጊዜ የሺወርቅ ከኀዘኑ የተነሳ ጡቷ ደርቆ ነበር። ወርቅቱ ደግሞ ልጇን ጋሮማን ታጠባለች። ሕፃኗን ትጊን ከየሺወርቅ ጀርባ አወረደችና ጋሮማን ወደ ቀኝ አዙራ ትጊን በግራ በኩል አስጠጋቻት። ሁለቱ ልጆች እንዲያ አደጉ። ትጊ ዛሬ አግብታ ሰበታ ትኖራለች፤ ስትደውል ግን መጀመሪያ የምትጠይቀው «እማዬ ወርቅቱ ደህና ናት?» ብላ ነው፤ የጡት ልጅ ናታ!

እንግዲህ የሺወርቅ በዚህ ዓለም ያላት ሁለት ነገር ነው፤ ይቺ ቤቷና ይቺ ወርቅቱ። አንዷን አድናለሁ ብላ ሌላዋን ልታጣት የደረሰችው ባለፈው ጥቅምት ነው።

ነገሩ የጀመረው መስቀል ባለፈ ማግስት ነው። ወርቅቱ በጋሮማ ሠርግ ጊዜ የሺወርቅ የሰፋችላትን ጥልፍ ቀሚስ በፌስታል ይዛ መጣች።

«አካም ቡልቴ፣ ደህና አደርሽ የሺ? ይሄ ቀሚስ እኮ ለመስቀል ብለብሰው ብብቱ ላይ ያዘኝ።»

«ወፍረሽ ነዋ! የመስቀል ሥጋ ምን ያደርጋል ታዲያ?»

«ግራው ብቻ ነው የያዘኝ። ቀኙ ደህና ነው» አለች ወርቅቱ። እጇን ከነጠላዋ ስር አላወጣችም። ከስፌት መኪናው አጠገብ ቆማ ቆማ፣ የሚነገር ነገር ያላት መስላ፣ መጨረሻ ላይ «እስኪ እይልኝ» ብላ ሄደች።

የሺወርቅ ደሟ ፈላ። የእሷ ሜትር ግራና ቀኝ ለይቶ አያውቅም! ቀሚሱን ገልብጣ ሁለቱንም ብብት ለካች፤ ልክክ ያሉ ናቸው። እንግዲያስ ሌላ ሰፊ ነክቶታል አለች። ከታች ሰፈር አዲስ ሱቅ የከፈተው ልብስ ሰፊ ሰውዬ ጋ ወስዳው አበላሽቶባት፣ አፍራ ወደ እኔ አምጥታዋለች ብላ፣ የባዕድ ክር ፍለጋ ስፌቱን አንድ በአንድ አየችው። የራሷ ክር ብቻ ነው። ቀሚሱን ግድግዳው ላይ ሰቅላ «ይቺ ሴት የደበቀችኝ ነገር አለ» አለች። እውነቷን ነበር፤ የጠረጠረችው ሌላ ሆነ እንጂ።

ቀሚሱ እንደተሰቀለ ሳምንት አልፎ አንድ ሰኞ ጠዋት በሯን ከፍታ ስትወጣ፣ ሰማያዊው የቆርቆሮ አጥሯ ላይ ሮዝ ቀለም አየች። ክንድ የሚያህል ቀስት፣ ከሥሩም «3» የሚል ቁጥር። የአጥሯን ቋሚ ተደግፋ ቆመች፤ ቡራዩና ያ ግድግዳ መጡባት።

ወተት አመላላሿ ደርሳ «ምን ሆንሽ? ለሩጫው ነው እኮ! እሑድ ለጡት ካንሰር ሩጫ አለ ሲባል አልሰማሽም? ሴቱ ሁሉ ሊሮጥ ነው፤ መንገድ ማሳያ ነው» አለቻት።

«ሩጫ!» አለች የሺወርቅ። «ሱሉልታ ለሩጫ ቀለም መቼ ነው የፈለገችው? የዓለም ሯጭ በዚህ በር ሲያልፍ ቀስት ያሳየው ሰው አለ? ደግሞስ ሦስት ምንድን ነው? አንድና ሁለትስ የማን ቤት ነው? ይልቅ ቤት እየቆጠሩ ነው በይኝ!»

አፌ ቁርጥ ይበልልኝ፤ ነገሩን ሳስበው እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር። በእነዚህ ከተሞች ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ደግ ወሬ ይዞ መጥቶ አያውቅም። ከአስፋልቱ ማዶ ያለውን የወርቅቱን አጥር ብታይ ደግሞ ምልክት የለም። ወተት አመላላሿም እሳት ላይ ቤንዚን ጨመረችበት፤ «ትናንት ቀቢዎቹን ኦቦ ጎበና ሲያነጋግሯቸው አይቻለሁ። በእጃቸው ወዳንቺ አጥር እያሳዩ ነበር።»

አለቀ! የሺወርቅ ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳትለብስ የወርቅቱን ግቢ በር በርግዳ ገባች። ወርቅቱ በርበሬ እያሰጣች ነበር።

«ሸጣችሁኝ!» አለች የሺወርቅ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ። «ሃያ ሦስት ዓመት እህቴ ስልሽ ኖሬ፣ ቤቴን በጣት አሳይታችሁ ሰጣችሁኝ! የናንተን አልፎ የኔን የቀቡት ለምንድን ነው? እኔ መጤ ነኝና ነው?»

ወርቅቱ የበርበሬውን ሰፌድ አስቀመጠች። ፊቷ አመድ መሰለ። ስትናደድ አማርኛ አይመጣላትም፤ «ዋቅኒ ሃ አርጉ» አለች፤ እግዜር ይየው ማለቷ ነው። ከዚያ ግራ እጇን ደረቷ ላይ እንዳደረገች ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ትጊ ከሰበታ ደውላ «እማዬ ወርቅቱ ደህና ናት?» ስትል የሺወርቅ «እኔ ምን አውቃለሁ!» ብላ ዘጋችባት።

ጠርጥር ግን እቤቷ ቁጭ ብላ ግሬደር የምትጠብቅ ሴት አይደለችም። «ሩጫ ነው ካሉ ውስጡ ገብቼ አየዋለሁ» አለች። ቅዳሜ ጠዋት ምዝገባው ወዳለበት ትምህርት ቤት ሄዳ ሰልፍ ያዘች። የምትመዘግበው ሲስተር ሶያማ የምትባል ወጣት ነርስ ናት።

«እትዬ፣ ስምዎን?»

«ለምን ፈለግሽው?»

ሶያማ ሳቀች። «ቲሸርት ልሰጥዎት ነዋ!»

ስሟን ግማሹን ብቻ ሰጠች። የቤት ቁጥር ሲሏት «ቤት የለኝም» አለች። ቀጥሎ ደግሞ ቅጹ ላይ «አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው» የሚል መጣ።

«ምን አደጋ ነው የሚደርሰው? እናንተ የምታውቁት ነገር አለ?»

«ኧረ የለም እትዬ! ሰው ሲሮጥ ሊወድቅ ይችላል ብለን ነው። የቅርብ ሰው ስም ብቻ ይንገሩኝ።»

የሺወርቅ ስታስብ ሰልፉ ከኋላዋ አጉረመረመ። ትጊ ሰበታ ናት፤ እስክትደርስ የወደቀ ሰው ሞቶ ይቀበራል። ሌላ ሰው ብታስብ ብታስብ ወፍ የለም። «ወርቅቱ በይ» አለች በስተመጨረሻ።

ከተመዘገቡ በኋላ ሴቶቹን አንድ ክፍል አስገቧቸው። «ይኸው፤ አሁን ነው ስለ መሬቱ የሚያወሩት» ብላ የሺወርቅ ከበሩ አጠገብ ቁጭ አለች። ሶያማ ግን ከስፖንጅ ተቆርጦ በጨርቅ የተሸፈነ ጡት አወጣች። ሴቶቹ ሳቅ በሳቅ ሆኑ፤ አንዷ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ሶያማ እየዞረች «ውስጡ ሦስት ሽምብራ ደብቄአለሁ፤ በጥፍር አይደለም፣ በሦስት ጣቶቻችሁ ለስላሳ ሥጋ ቀስ ብላችሁ ፈልጉ» አለቻቸው። አንዷ አንድ አገኘች፤ ሌላዋ ምንም አጣች። የሺወርቅ ተራዋ ሲደርስ ስፖንጁን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላ፣ እንደ ቱታ ስፌት ዳበሰችው።

«አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።»

«ሦስት ነው እትዬ።»

«አራት ነው አልኩሽ! አራተኛው ሽምብራ አይደለም፤ ቀጭን ነው።»

«እኔ ራሴ ነኝ የሰፋሁት፤ ሦስት ነው።»

«እንግዲያው ቅደጂው!»

ተቀደደ። ሦስት ሽምብራና አንድ የተሰበረ የመርፌ ጫፍ ወጣ። ክፍሉ በእልልታ ቀለጠ። «ጠርጥር! ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር!» ብለው ሴቶቹ አጨበጨቡላት። ሶያማ ራሷ አቀፈቻት። «እኛ የምንፈልገው እንዲህ ዓይነት ጠርጣሪ ነው» አለች። «ሴቶቻችን ምንም አይጠረጥሩም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እያለ፣ ቆስሎ ሲሸት ነው የሚመጡት። ሌላውን ሁሉ እንጠረጥራለን፤ ባልን፣ ጎረቤትን፣ ገበያውን፤ የገዛ ገላችንን ግን እናምነዋለን።»

የሺወርቅ በዕድሜዋ ጥርጣሬዋ ሲመሰገን የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ደስ ብሏት ወገቧን አቅንታ ተቀመጠች። ሶያማ ምልክቶቹን መናገር ቀጠለች፤ እብጠት፣ የቆዳ መኮማተር፣ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ፈሳሽ። «ብብት ውስጥም ፈልጉ። አንዳንዴ መጀመሪያ የሚያብጠው እሱ ነው። አንዷ ታማሚዬ ያወቀችው በልብስ ነው፤ ቀሚሷ በአንድ በኩል ብብቷ ላይ እየያዛት።»

የሺወርቅ ከተቀመጠችበት ተነሳች። የተሰጣትን ሮዝ ቲሸርት ጨብጣ ወጣች፤ ሶያማ «እትዬ! እትዬ!» ብትላት አልሰማችም። ጆሮዋ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ *ግራው ብቻ ነው የያዘኝ*።

ቤቷ ደርሳ ቀሚሱን ከግድግዳው አወረደች። እንደገና ለካችው። ልክክ ያለ ነው፤ ልብሱ አልተለወጠም። የተለወጠው ለባሿ ናት። «ወይኔ የሺ! ወይኔ ድንጋይ ራስ!» እያለች ደረቷን መታች። የሰው ክር ፈልጋ ነበር እኮ! ወርቅቱ ከነጠላዋ ስር ያላወጣችው እጅ፣ በሩን ስትዘጋ ደረቷ ላይ ያደረገችው እጅ፣ ሁሉም ተራ በተራ መጣላት።

ቀሚሱን በክንዷ አንጠልጥላ የወርቅቱን በር አንኳኳች። የወጡት ኦቦ ጎበና ናቸው።

«ኦቦ ጎበና፣ ወርቅቱን ላነጋግራት ፈልጌ ነው። ቀሚሱን ልለካት።»

የሽማግሌው ፊት እንደተኮሳተረ ነው። «የሺወርቅ፣ ያ ቀለም ለሩጫ ነው፤ ሦስቱም ሦስተኛ ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ልጆቹ መጥተው 'የት እንቀባ?' አሉኝ። የኔ አጥር ቁጥቋጦ ነው፤ ቅጠል ላይ ቀለም ይይዛል? ያንቺ ቆርቆሮ ነው ብዬ አሳየኋቸው። ይኸው ነው ወንጀሌ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። «አንቱን በድያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። አሁን ግን ወርቅቱን!» አለች።

ወርቅቱ ከውስጥ ሰምታለች። ወደ በሩ ብቅ አለች፤ ጋቢ ለብሳለች፤ በዚያ ፀሐይ! «ቀሚሱን እዚያው ተይው። የታች ሰፈሩ ሰውዬ ይሰፋልኛል» አለች።

«ወርቅቱ፣ ስለ ቀሚሱ አይደለም። ግራ ብብትሽን ሐኪም ይየው። እብጠት ሊሆን ይችላል። ዛሬ ሲያስተምሩን...»

ወርቅቱ ሳቀች፤ ምን ሳቅ ይባላል እሱ። «ቤቴን ጠረጠርሽ፣ ባሌን ጠረጠርሽ፣ አሁን ደግሞ ጡቴን ጠረጠርሽ? አንቺ እኮ ያልጠረጠርሽው ነገር የለም። እንዴት ብዬ ልመንሽ?» በሩም ተዘጋ።

የሺወርቅ ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። ሁልጊዜ የጮኸ ሰው እሳት ሲነሳ ማን ይሰማዋል? ወርቅቱ ካላመነቻት ሐኪም ቤት አትሄድም፤ ካልሄደች ደግሞ ሲስተር ሶያማ የተናገረችው ነው የሚሆነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ለይቅርታ ድንጋይ ተሸክማ ልትመጣ አሰበች፤ እንደ አገሯ ልማድ። ድንጋይ የተሸከመን ሰው ግን «እስኪ እናስብበት» ብለው ለሳምንት ማቆየት ይቻላል። ሳምንት አልነበራትም።

ያኔ ነው አንድ የቆየ ነገር ትዝ ያላት። የዛሬ ስንት ዓመት፣ ወርቅቱ ከባሏ ወንድም ከያደታ ጋር በድንበር ተጣልታ፣ ሰውየው እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ መጣ። ወርቅቱ ከንዴቷ ሳትበርድ ተቀበለችው። «ማርጋ ይዞ የለመነሽን ሰው እምቢ አትዪም። ነውር ነው» ብላ ለየሺወርቅ አስረዳቻት። የሺወርቅ ምን አለች መሰላችሁ? «ለላሙ ያጨደው ቢሆንስ?»

እሑድ ማለዳ ሜዳው ሮዝ ለብሷል። ከሕፃን እስከ ባልቴት፣ ከሰበታና ከቡራዩ ሳይቀር በአውቶቡስ የመጡ ሴቶች ሞልተውታል። የሺወርቅ ቲሸርቱን ከቀሚሷ በላይ አጥልቃ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከኋላ ተሰለፈች። ፊሽካው ሳይነፋ ጎንበስ አለችና ከሜዳው ዳር ጤዛ ያልለቀቀው ለምለም ሣር በጭብጧ ሙሉ ነጨች። አጠገቧ ያለችው ሴት «ለምንሽ ነው?» ብትላት «ለሥራ ነው» አለች።

ሮጠች። ሩጫ ከተባለ፤ ዱብ ዱብ ነው። የሃምሳ ዓመት ሴት፣ ሸራ ጫማ፣ በአንድ እጅ ሣር። ዳር ቆመው የሚያዩት ደንበኞቿ «ጠርጥር ሮጠች! ማን እያሳደዳት ነው?» ብለው ጮኹ። «ሣሩስ ምንድን ነው?» «የሽልማቱን በግ ልትቀልብ ነዋ!» ሌላ ቀን ቢሆን መልሷ አይጠፋም ነበር፤ ያን ቀን አቀርቅራ አለፈቻቸው። አንደኛውን ኪሎ ሜትር ጎኗ እየወጋት፣ ሁለተኛውን ሆዷን ይዛ በእርምጃ ጨረሰችው። ሣሩን ግን አልለቀቀችም።

የሰማያዊው አጥሯ ቀስት ሲታያት ወርቅቱ በቁጥቋጦው አጠገብ ቆማ ሩጫውን ታያለች። አሁንም በጋቢ ነው። የሺወርቅ ቀስቱ ወዳሳየው አልሄደችም። ከሯጮቹ መሃል ወጥታ አስፋልቱን ተሻገረችና ወርቅቱ እግር ስር፣ አቧራው ላይ ተንበረከከች። ሣሩን በሁለት እጇ ዘረጋች። የሚሮጡት ሴቶች ቆም ቆም አሉ።

«ስለ አጥሩ አይደለም» አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ለአጥሩ ድንጋይ ተሸክሜ እመጣለሁ፤ ከፈለግሽ ዓመት አቁሚኝ። ይሄ ሣር ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ነገ ከእኔ ጋር ሐኪም ቤት ነይ። ምንም የለም ካሉን ዕድሜ ልክሽን ሳቂብኝ።»

ወርቅቱ ሣሩን አየችው። ከዚያ የሺወርቅን አየቻት። «ማርጋ ይዘሽ መጣሽ? አንቺ?» አለች። ሣሩን ተቀበለችና በሌላ እጇ ክንዷን ይዛ አነሳቻት፤ ሳትለቃትም ወደ ጓሮዋ ይዛት ገባች።

በርበሬው ከሚሰጣበት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ወርቅቱ የየሺወርቅን እጅ ወስዳ ከጋቢው ስር ግራ ብብቷ ውስጥ አስገባችው። የየሺወርቅ ሦስት ጣቶች ሥራቸውን ያውቃሉ። ብዙ አልፈለጉም። ከሽምብራ ይበልጣል፤ ከጡቷ ጎንም ሌላ አለ። የሺወርቅ እጇን መልሳ ስትስብ ጣቶቿ የእሷ አልመስል አሏት።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ከፍልሰታ ጀምሮ።»

«ፍልሰታ! ሁለት ወር? ለማን ተናገርሽ?»

«ላንቺ።»

«ለኔ? ለኔ መቼ ተናገርሽኝ?»

«ቀሚሱን ያመጣሁ ዕለት» አለች ወርቅቱ። እንባዋ መውረድ የጀመረው ያኔ ነው። «ለጎበና አፈርኩ፤ ለጋሮማ ፈራሁ። ሐኪም ቤት እንዳልሄድ እግሬ ቄጤማ ሆነብኝ። የሺ ሁሉን ትጠረጥራለች አልኩ። ቀሚሱን ብሰጣት፣ ግራው ብቻ ነው ብላት፣ ትጠረጥርና ራሷ ትጠይቀኛለች፤ ከጠየቀችኝ እነግራታለሁ አልኩ። አንቺ ጋ ቆሜ ጠበቅሁ። አልጠየቅሽኝም።»

ያ ሁሉ ጥርጣሬ፣ በወተቱ፣ በቆጣሪው፣ በቀለሙ፤ አንዲት ሴት በልቧ ተማምና «ይቺን አትስትም» ያለችውን ግን ሳተች። «ትናንትስ?» አለች የሺወርቅ። «ትናንት ስነግርሽ ለምን ዘጋሽብኝ?»

«ሸጣችሁኝ ብለሽኝ የለ! ልጇን በዚህ ጡቴ ያጠባሁላት ሴት እንዲያ ካለችኝ፣ ይሙት ይሄ ጡት አልኩ።»

ውጭ ሩጫው እንደቀጠለ ነው፤ ጭብጨባው ይሰማል። ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው፣ ሣሩ መሃላቸው ተጨፍልቆ፣ ኦቦ ጎበና መጥተው ሳል እስኪሉ ድረስ አለቀሱ።

ሰኞ ሲስተር ሶያማ ወረቀት ጽፋ ወደ አዲስ አበባ ላከቻቸው። ሐኪሙ ወርቅቱን መርምሮ፣ ነገሩ የሚያጠራጥር መሆኑን፣ ናሙና መወሰድ እንዳለበት፣ ውጤቱ በአሥር ቀን እንደሚደርስ ነገራቸው። የሚያጠራጥር ሲል የሺወርቅ ቀና ብላ አየችው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠራት የኖረች ቃል ናት፤ ሰው አፍ ላይ ሆና ስትሰማት እንዲህ ታስፈራለች ብላ አስባ አታውቅም።

«ለመሆኑ ማን ነው መጀመሪያ የጠረጠረው?» አላቸው ሐኪሙ እየጻፈ።

«እሷ ናት» አለች ወርቅቱ ሳታመነታ። «በልብስ ነው የጠረጠረችው። ሱሉልታ ውስጥ ጠርጥር ነው የምትባለው።»

«እንዲህ ያለ ጎረቤት አይጥፋ!» አለ ሐኪሙ።

የሺወርቅ እውነቱን ልትናገር አፏን ስትከፍት ወርቅቱ ጉልበቷን ጫን አደረገቻት። በዚያ ስም ስትጠራ አንገቷን የደፋችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ወርቅቱን ለናሙና ሊያስገቧት ተራ ሲጠብቁ፣ የሺወርቅ አግዳሚው ላይ ከቦርሳዋ ያንን ቀሚስ አወጣች። ገለበጠችው። በምላጭ ጫፍ የግራውን ብብት ስፌት አንድ በአንድ መፍታት ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለቻት ወርቅቱ።

«ግራውን እያሰፋሁ ነዋ።»

«እዚህ? አሁን?»

«ያን ቀን ነው ማስፋት የነበረብኝ» አለች የሺወርቅ፤ እንባዋ በጥልፉ ላይ እየወረደ። «ያዘኝ ብለሽኝ ነበር።»